ለፕሪሪኩዚት ሽማግሌ ተላከ

እስቲ መጀመሪያ ተቀመጡ። ቆማችሁ የምታነቡት ፖስት አይደለም።

ዛሬ ረፋድ ላይ የሀገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው የዲፓርትመንታችን ኃላፊ ቢሮ በር ላይ ተንበርክከው ነበር።

በእኔ ምክንያት!

ልብ በሉ፣ ሰው አልሞተም። ከብት አልተነዳም። ድንበር አልተገፋም። ጉዳዩ ፕሪሪኩዚት ነው። አዎ፣ ያው የምታውቁት፣ "ይህን ኮርስ ሳትወስጂ ያንን አትወስጂም" የሚባለው ነገር።

አሁን ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የምጽፈው። አርባ ምንጭ ላይ፣ በዚህ ሙቀት፣ ብርድ ልብስ! ያለሁበትን ሁኔታ ከዚህ ተረዱልኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማለቴ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ነበርኩ።

እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ ዲስክሪት ማት የሚባል ኮርስ አለ። የሚሰጠው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ድሮ ለማንም ኮርስ ፕሪሪኩዚት አልነበረም። ብትወስዱት ወሰዳችሁት፣ ባትወስዱት የሚዘጋባችሁ በር የለም። ብቻ ከመመረቃችሁ በፊት የሆነ ጊዜ ትጨርሱታላችሁ።

እንግዲህ ግቢ ውስጥ የማይቸኩል ኮርስ ማለት የሚተው ኮርስ ማለት ነው። ገና ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ ሲኒየሮቻችን የሰጡን ምክር ይሄ ነበር፤ "ዲስክሪትን ድሮፕ አድርጉ። የመጨረሻ ዓመት ላይ እየተዝናናችሁ ትወስዱታላችሁ።"

እኔም ድሮፕ አደረግሁ።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን በተራዬ ሲኒየር ስሆን የዚህ ምክር ሐዋርያ ሆንኩ! ካፌ ያገኘሁትን ጁኒየር፣ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠውን፣ ውኃ ቀድቶ የሚመለሰውን ሁሉ "ዲስክሪት? ድሮፕ!" እያልኩ ስሰብክ ከረምኩ። አንዷማ "እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ" ብላ ማንጎ ጁስ ጋብዛኛለች።

ከዚያ የኮርሶቹ ቅደም ተከተል ተከለሰ።

አዲሱ ሕግ እንዲህ ነው። ዲስክሪት ያልወሰደ አልጎሪዝም አይወስድም። አልጎሪዝም ያልወሰደ ፋይናል ፕሮጀክት አይመዘገብም። ፋይናል ፕሮጀክት ያልሠራ ደግሞ ጋውን አይለብስም።

እኔ አልጎሪዝምን በዚህ ሴሚስተር፣ ፕሮጀክቱን በሚቀጥለው ወስጄ ሰኔ ላይ ልመረቅ ነበር። አዲስ አበባ ክረምቱን ኢንተርንሺፕ የሠራሁበት ድርጅት "ዲግሪሽን ይዘሽ ነይ፣ ወንበርሽ ይጠብቅሻል" ብሎኛል። ኦቾሎ፣ የተወለድኩበት መንደር፣ "የሸማኔው ልጅ ዘንድሮ ትመረቃለች" የማይል ሰው የለም። አባቴ ደግሞ ከማንም በላይ ይላል።

እና አልጎሪዝም ተዘጋብኝ። የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው፤ አንድ ዓመት!

የዲፓርትመንታችን ኃላፊ ዶክተር ይበልጣል ይባላል። የጎጃም ሰው ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ቢሮው ድረስ እየሄድኩ ለመንኩት። ተለማመጥኩት። "ዶክተር፣ ሁለቱን አንድ ላይ ልውሰዳቸው" አልኩት። ሁልጊዜ የሚመልስልኝ አንድ ነው።

"አስቴር፣ ኮሚቴው የወሰነው ነው። ዲስክሪትን ውሰጂ።"

አይቆጣም፣ አይጮህም። እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ቢጮህ እኮ ቢያንስ የምናደድበት አገኝ ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቴ እየደረስኩ ነው፤ ጠጋ በሉ።

እሁድ ለአባቴ ደወልኩ። ከአባቴ ጋር የምናወራው በጋሞኛ ነው፣ ለእናንተ በአማርኛ አድርጌዋለሁ። እንዲህ ልለው ይገባ ነበር፤ "አባዬ፣ መውሰድ የነበረብኝን ትምህርት አቆየሁት፣ አሁን ዋጋ አስከፈለኝ።" በቃ፣ ይሄው ነው። ለመናገርም ቀላል ነው። እኔ ግን ቃሉን ሳይሆን ድፍረቱን አጣሁ።

እናም ምን አልኩት?

"አባዬ፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጠምዶ ይዞኛል። ምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ዘንድሮ የሚያስመርቀኝ አይመስለኝም።"

አባቴ ወዲያው ጠየቀኝ።

"ተጣልታችኋል?"

"እንጃ። ሰውየው ዓይኔን ማየት አይፈልግም።"

"ትልቅ ሰው ነው?"

"ዶክተር ነው።"

"እሺ" አለና ስልኩን ዘጋ።

እኔም እፎይ አልኩ! ጥፋቱን ለሰውየው አሸክሜ፣ ከቤቲ ጋር ሲቀላ ሰፈር ወርጄ አቮካዶ ጠጣሁ። ቤቲ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ ዲስክሪትን በጊዜው የወሰደች፣ ስለዚህም ለብዙ ጊዜ የሳቅንባት ልጅ።

የዘነጋሁት ነገር ቢኖር የማን ልጅ እንደሆንኩ ነው።

እኛ ጋሞዎች ጸብ ሲባል ቁጭ ብለን አናይም። ሁለት ሰዎች ተቀያይመዋል ከተባለ ሽማግሌ ይነሳል። እርጥብ ሳር ነጭቶ ይዞ ሄዶ በሁለቱ መካከል ይንበረከካል። ሳር የያዘ ሽማግሌ ደግሞ ታልፎ አይኬድም። የፈለገ የተቆጣ ሰው ይሁን፣ ዱላ የጨበጠም ይሁን፣ እዚያ ጋ ይቆማል።

ይሄን ተረት አድርጌ ሳይሆን በዓይኔ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን ለግቢ ይሠራል ብዬ በምን ጠርጥሬ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ።

ዛሬ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው። ላውንጅ ቁጭ ብዬ ዶክተሩን እንደገና እንዴት እንደምለምነው እያሰብኩ ሳለሁ ቤቲ እየሮጠች ገባች።

"አስቴር! አባትሽ መጥተዋል!"

"የት?"

"በር ላይ! ብቻቸውን አይደሉም!"

ቦርሳዬን እዚያው ትቼ ተነሳሁ።

ወጥቼ ሳይ፣ ከዋናው በር ወደ ዲፓርትመንታችን በሚወስደው መንገድ ላይ ሽማግሌዎች ተሰልፈው እየመጡ ነው። ዱንጉዛ ሱሪ፣ ቡልኮ በትከሻ። በዚህ ፀሐይ ቡልኮ! ፊት ፊት የሚሄዱት ጋሽ ዳና ናቸው። ጋሽ ዳና መንደራችን ስብሰባ ሲቀመጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የሚናገር የለም። በእጃቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

ምን እንደሆነ መፍታት አላስፈለገኝም።

ጥበቃው ደግሞ የጨንቻ ልጅ፣ የእኛው ጋሞ ነው። እኔን መታወቂያ ረሳሽ ብሎ በር ላይ ያስለቀሰኝ ሰውዬ፣ ሳሩን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ አሳለፋቸው!

ሮጬ አባቴን ያዝኩት።

"አባዬ! ምን ሆናችሁ መጣችሁ?"

"አይዞሽ" አለኝ። "መጥተናል።"

ጎበዝ፣ እዚህ ጋ ልናገር ነበር። እውነቴን ነው። "አባዬ፣ አንዴ ልንገርህ፣ እዚህ ጥግ ና" ብዬ እጁን ጎተትኩ። ጋሽ ዳና ግን ዞር አሉ።

"ሳር ተይዞ መንገድ ላይ አይወራም፣ ልጄ። የሚባለው እዚያው ይባላል።"

እግሬ ከእነሱ ኋላ ተከተለ፤ እኔ አልተከተልኩም። ያየን ተማሪ ሁሉ ክፍሉን ትቶ ከኋላ ይከተላል። ስልክ ያልያዘ እጅ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ሴክሬታሪዋ ወይዘሮ አልማዝ ከወንበራቸው ተነሱ። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ሽማግሌዎቹን አዩ።

"በስመ አብ! ዶክተሩ እኮ ባለትዳር ናቸው!"

በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ በሳቅኩ።

ጋሽ ዳና የእንሰቱን ቅጠል ፈቱ። ሳሩ ጠዋት የተነጨ ነው፣ ጤዛው አልደረቀም። ለእያንዳንዳቸው አካፈሉ። ከዚያ እዚያው ሲሚንቶው ላይ፣ በሩ ፊት ለፊት ተንበረከኩ። አባቴም ተንበረከከ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ሸማ ሲሠራ ወገቡ የተጎዳ ሰው ነው። መሬቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ነው ጉልበቱን ያሳረፈው።

በሩ ተከፈተ።

ዶክተር ይበልጣል ስኒውን እንደያዘ ብቅ አለና ደርቆ ቀረ።

"አባቶቼ! ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ? ተነሱ እንጂ፣ ስለ ማርያም!"

"አንነሳም፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ዳና። "አንተ ከዚህች ልጅ ጋር ያለህን ቂም እስክትተው አንነሳም። ልጅቱ በስልክ አለቀሰች።"

አላለቀስኩም ነበር! አባዬ ጨምሮበታል። ግን ማን ማንን ይወቅሳል?

"ቂም? ከማን ጋር?"

"ከአስቴር ጋር።"

ዶክተሩ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እሱም ተንበረከከ! ያደገው ሽማግሌ ፊት ቆሞ መናገር ነውር በሆነበት ቤት ነውና ጉልበቱ አልቻለም። "በእኔ ላይ እርግማን አታምጡብኝ" እያለ፣ ስኒውን ይዞ እንደተንበረከከ ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ወይዘሮ አልማዝ ተንበረከኩ። ወረቀት ሊያስፈርም የመጣ መምህር ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተንበረከከ። ኮሪደሩ በሙሉ ወረደ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ነገሩ ሲገባኝ እኔም ወረድኩ።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

ከኋላዬ ሹክሹክታ ተጀመረ። "ምን አድርጓት ነው?" አለች አንዷ። "ባያደርጋትማ አባቷ ይህን ሁሉ ሽማግሌ ይዞ ከኦቾሎ ይወርዳል?" አለ ሌላው። ስልኬ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቤቲ ናት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና የላከችው፤ "ሰው ዶክተሩ ነካክቷታል እያለ ነው!!! አንድ ነገር በይ!!!"

መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት።

ይሄ እኮ በሕልሜም አልነበረም! እኔ "ጠምዶ ይዞኛል" አልኩ እንጂ ሌላ ምን አልኩ? ግን ነገር ከአፍ ከወጣ በኋላ በራሱ እግር ነው የሚሄደው። የሰውየው ሚስት እዚሁ ሕንፃ ላይ፣ ከላይኛው ፎቅ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። በዚህ አያያዝ ክፍሏን ሳትጨርስ ወሬው ሊደርሳት ነው።

ዶክተሩም ሰምቷል። ጆሮው ቀላ፣ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ዞር ብሎ የሚቀርጸውን ስልክ አየ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሳሩን አየ።

"አባቶቼ" አለ ድምፁ እየተሰበረ። "እኔ ከልጅቷ ጋር ምንም ነገር የለኝም። እግዚአብሔር ያውቃል። ግን እናንተ ተንበርክካችሁ እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። አስቴር፣ አልጎሪዝም ነው አይደል የፈለግሽው? በእኔ ኃላፊነት እፈርምልሻለሁ። ዛሬውኑ ተመዝገቢ። ብቻ እናንተ ተነሱልኝ።"

ሰምታችኋል?

እፈርማለሁ አለ!

ሰኔ ተመለሰ። ጋውኑ ተመለሰ። አዲስ አበባ ያለው ወንበር ተመለሰ። ከእኔ የሚጠበቀው አፌን መዝጋት ብቻ ነበር። አፍ መዝጋት ደግሞ ምንም ፕሪሪኩዚት የለውም።

ጋሽ ዳና እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ ልጄ። እንዲሁ አይነሳም።"

በእኛ ወግ ሳሩ ከመቀመጡ በፊት ሁለቱም ወገን በመካከላቸው የነበረውን ነገር በገዛ አፋቸው መናገር አለባቸው። ሳር ፊት ደግሞ አይዋሽም። እዚያ ላይ የተደበቀ ነገር ጎሜ ይሆናል ይባላል፤ ሳይነገር የቀረ ጥፋት ማለት ነው፣ ዞሮ በቤት፣ በከብት፣ በልጅ ላይ የሚወርድ። እኔ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በጎሜ አላምንም። ግን ያን ሰዓት ላቡ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

"አንተ ጀምር" አሉት ዶክተሩን።

"እኔ የማውቀው ጸብ የለም።"

"አንቺስ?"

ኮሪደሩ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

አባቴን አየሁት። እሱ አላየኝም፣ ሳሩን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የምለውን አስቀድሞ ያመነ ሰው ነው የሚመስለው። ዶክተሩን አየሁት። እሱ እኔን ነው የሚያየው። ቁጣ እንኳ የለበትም፤ ፈርቷል። እኔን ፈርቷል! ዕድሜ ልኬን ሰው ፈርቶኝ አያውቅም፣ እንዲህ የሚያስጠላ ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር።

"ጸብ የለም" አልኩ።

"ምን?"

"ጸብ የለም! ዶክተሩ አልጠመደኝም። ምንም አላደረገኝም። ምንም! ዋሽቼ ነው!"

ስልኮቹ እንዲሰሙ ብዬ ጮክ አልኩ። በጣም ጮክ ሳልል አልቀረሁም፤ ከላይኛው ፎቅ ሰው ብቅ አለ።

ከዚያ ሁሉንም አወራሁት። ግማሹን በጋሞኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ድሮፑን፣ የሲኒየሮቹን ምክር፣ የእኔን ስብከት፣ አዲሱን ሕግ። ስናገር አባቴ ቀስ ብሎ አንገቱን አነሳ፤ እስክጨርስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ያንን ዓይን አልገልጸውም፣ ተዉኝ።

ጋሽ ዳና ሰምተው ሲያበቁ ጥቂት አሰቡ።

"ይሄ ዲስክሪት የምትይው፣ ታላቁ ነው?"

"አዎ።"

"አልጎሪዝም ታናሹ?"

"አዎ።"

"ሦስተኛውስ?"

"የሁለቱም ታናሽ ነው።"

"ታዲያ ባይራው ሳይዘራ ታናሹ እንዲዘራ ነው የመጣነው?"

እኛ ደጋ ባይራ የሚባለው የቤቱ በኩር ነው። ዘሩን መጀመሪያ የሚጥለው እሱ ነው፣ ታናናሾቹ ከእሱ በኋላ ነው እጃቸውን የሚዘረጉት። ሽማግሌዎቹ "እንዴታ!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው ዶክተሩን በአክብሮት ያየው ጀመር። እንዲህ ያለ ወግ አዋቂ ሰው ግቢ ውስጥ አለ ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ።

እኔም እልኸኛ ነኝ። ተዋርጄም እንኳ አፌ አይዘጋም።

"ግን ጋሽ ዳና፣ እኔ ስገባ ሕጉ እንዲህ አልነበረም! መሀል መንገድ ላይ ስደርስ ነው የቀየሩት!"

ሽማግሌዎቹ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። ይሄ ክብደት ያለው ነገር ነው።

"እውነት ነው?" አሉ ጋሽ ዳና።

"እውነት ነው" አለ ዶክተሩ።

ነፍሴ ትንሽ ተመለሰች።

"ሳትነግሯቸው?"

"ነግረናል አባቴ። ክረምት ሳይገባ ነው የነገርናቸው። ላልወሰዱት ብለንም ክረምቱን ክፍል ከፍተን ነበር።"

ጋሽ ዳና ወደ እኔ።

"ሰምተሻል?"

"ቴሌግራም ላይ ብዙ ነገር ነው የሚለቀቀው፣ እኔ ደግሞ ቻናሉን…"

"ሰምተሻል ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ የት ነበርሽ?"

"አዲስ አበባ።"

ኢንተርንሺፑን አስረዳሁ። "ሁሉም ሰው ቅሬታ ስለሚያቀርብ ይተዉታል ይባል ነበር" አልኩ። ማን ነው ይባል የነበረው? እኔ ነበርኩ የምለው! አጠገቤ ያሉት ደግሞ ከእኔ ሰምተው ነው መልሰው የሚነግሩኝ።

ነገሩ አለቀ ስል ዶክተር ይበልጣል ጉሮሮውን ጠረገ። ይሄን ሰውዬ ስንት ጊዜ እንዳማሁት ብታውቁ!

"አባቶቼ፣ ልጅቷ እውነቱን ተናግራለች። በሰው ፊት፣ በስሜ ላይ የመጣውንም አነሳችልኝ። ቃሌን አላጥፍም። ለእናንተ ክብር ስል እፈርምላታለሁ።"

እንደገና!

ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ተስፋዬ ከሞተበት ተነስቶ ቆመ። ጋሽ ዳና ጎንበስ ብለው ከአባቴ ጋር ተንሾካሾኩ። እኔ በልቤ "እሺ በል አባዬ፣ እሺ በል" እላለሁ። ጥፍሬ መዳፌን ወግቶት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

አባቴ ቀና አለ። አማርኛው ብዙ አይደለም፣ ቃሉን እየመረጠ ነው የሚናገረው።

"ዶክተር፣ አትፈርም።"

አትፈርም!

"በውሸት የለመንነው ነው። በውሸት የተለመነ አይወሰድም። ልጄ ከታላቁ ይጀምር።"

ጎበዝ፣ ሊለምኑልኝ ከተራራ ወርደው፣ እንዳይሰጠኝ ለመኑልኝ! ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ጠበቃው ተነስቶ "ይፈረድባት" ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬ አየሁ።

አልቅሻለሁ። አሁን እውነት ነው፣ አባዬ ቢናገርም አልጨመረም። ከወገቤ ተጎንብሼ የዶክተሩን ጉልበት ያዝኩ። እሱም እጄን ይዞ አነሳኝና "ተይው፣ በቃ፣ አለፈ" አለኝ። ጋሽ ዳና ሳሩን በመካከላችን አስቀመጡ። ጸብ ባይኖርም የወጣ ሳር ባዶውን አይመለስም አሉ። መረቁን። ወይዘሮ አልማዝ "አሜን" እያሉ ከእኔ በላይ ያለቅሱ ነበር።

የሚቀርጽ የነበረውን ልጅ ቤቲ ይዛው፣ እስከ መጨረሻው ሳይቆርጥ እንዲለጥፈው አስምላዋለች። የዶክተሩ ስም እንዲጸዳ ከሆነ የእኔ ውሸት ከነጩኸቱ መታየት አለበት። አይታችሁት ከሆነ፣ ያቺ አፍንጫዋ የቀላ ልጅ እኔ ነኝ። ሰላም ብያለሁ።

ከዚያማ ዶክተሩ ሽማግሌዎቹን ላውንጅ ወስዶ ምሳ ጋበዛቸው። ከጋሽ ዳና ጋር ስለ ጤፍና ስለ ገብስ ሲያወሩ፣ ከአባቴ ጋር ስልክ ሲለዋወጡ በመስኮት አየሁ። ይገባችኋል? ከእንግዲህ አባቴ ስለ እኔ መጠየቅ ሲፈልግ ለእኔ አይደለም የሚደውለው! ባልነበረ ጸብ ላይ የተወለደ ወዳጅነት።

እኔ ከዚያ ሄጄ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተሰለፍኩ።

"ዲስክሪት ማት" አልኳት ልጅቷን።

"ከሁለተኛ ዓመቶች ጋር?" አለችኝ።

"ከሁለተኛ ዓመቶች ጋር።"

ማኅተሙን መታችው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከሰዓት በኋላ አባቴን ልሸኝ ወጣሁ። ሚኒባሱ ጥላ ሥር ቆሟል፣ ሽማግሌዎቹ ተሳፍረዋል። አባቴ ገና ውጭ ነው፤ ጉልበቱ ላይ የሲሚንቶው አቧራ አልተራገፈም።

"ተቆጥተኸኛል?" አልኩት።

"ተቆጥቻለሁ።"

አላለዘበውም፣ አልሸፋፈነውም። እኔ ደግሞ "አይ፣ አልተቆጣሁም" እንዲለኝ ነበር የጠየቅሁት።

"ዓመት ይመለሳል" አለኝ። "እኔ ብጠብቅ ምን ይለኛል? እነዚህን ሰዎች ግን በእኔ ቃል ነው ያወረድኳቸው።"

ሱሪውን ላራግፍለት ጎንበስ ስል እጄን ያዘኝ። ለመሳፈር አንድ እግሩን ካነሳ በኋላ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዞር አለ።

"ለመሆኑ ይሄ ታላቁ ትምህርት፣ ስለ ምንድን ነው?"

አፌን ከፈትኩ።

መልሼ ዘጋሁት።

"ሂሳብ ነው" አልኩ። "ማለት፣ ሂሳብ ይመስላል። ግን እንደ ሌላው ሂሳብ አይደለም…"

አባቴ ጠበቀኝ። ጋሽ ዳና በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ጠበቁኝ። ሾፌሩ ራሱ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ። ያን ሁሉ ሰው ድሮፕ ያስደረግሁትን፣ የዋሸሁለትን፣ ዓመቴን የበላውን ኮርስ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ልናገርለት አልቻልኩም።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። አልሳቀብኝም፤ ያዘነልኝ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ተማሪውና እሁድ ስደውል ንገሪኝ" አለና ተሳፈረ።

እና ወገኖቼ፣ ዛሬ ቀልድ ፈልጌ አይደለም። እሁድ ሩቅ አይደለም፣ አባቴ ደግሞ ያለውን አይረሳም።

ዲስክሪት ማት ስለ ምንድን ነው?